ሾላውን ከመቁረጣችሁ በፊት

እማዬ በየወሩ በ12 የሚካኤል ማኅበር አላት። በዚያ ወር ተረኛዋ እሷ ነበረች። ጠላው ተጠምቋል፣ ወጡ ወጥቷል። ቄሱ ጸሎቱን አድርሰው ድፎው ገና መቆረሱ ነው። ከማኅበርተኞቹ አንዷ ከሽንት ቤት ተመልሰው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። “ልጄ፣ ውሃው ወደ ታች መሄዱን ትቶ ወደ ላይ እየመጣ ነው” አሉኝ። ሌላው እንግዳ እንዳይነቃ ፈገግ እያሉ ነው የነገሩኝ። እኔም ፈገግ ብዬ ተነሣሁ። በሩን ስከፍት ግን ፈገግታው ፊቴ ላይ አልቆየም።

የሽንት ቤት ወሬ ለማንም አይጥምም። እኔም በጨዋ ደንብ ልተወው አስቤ ነበር። ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ። ስለዚህ አፍንጫችሁን ያዝ አድርጋችሁ አንብቡልኝ።

በሚቀጥሉት ቀናት ያልተሞከረ ነገር የለም። በረኪና ተደፋ። የፈላ ውሃ ተጨመረ። የሰፈር ልጅ ኮስቲክ ሶዳ ይዞ መጣ። አንዱ ደግሞ “የባትሪ አሲድ ነው የሚያዋጣው” ብሎ ጀሪካኑን ይዞ በር ላይ ደረሰ። እሱን እንኳን መለስነው። ይሄን በፍጹም እንዳትሞክሩት። በረኪና የተደፋበት ቱቦ ውስጥ አሲድ ሲገባ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። በጠባብ ሽንት ቤት ውስጥ ሰው ይጥላል። የፈላ ውሃም ቢሆን የፒቪሲ ቱቦን ያለሰልሳል፣ ያጣምማል።

በመጨረሻ መጣጭ መኪና ተጠራ። ወረፋው ረጅም ነው። ባሕር ዳር ውስጥ አብዛኛው ቤት እንደ እኛው ነው፤ ፍሳሹ የሚገባው እዚያው ግቢ ውስጥ ባለ ሴፕቲክ ወይም ጉድጓድ ነው። ስለዚህ መኪናዋ ተፈላጊ ናት። ስትመጣ ሾፌሩ የሴፕቲኩን ክዳን አነሣ። አጎንብሶ አየ። ቀና ብሎ እማዬን አያት። “እማማ፣ ይሄ ምኑ ይመጠጣል? ግማሽም አልሞላ።”

የእማዬ ፊት በራ። “አላልኳችሁም? የአባታችሁ ሴፕቲክ ሞልቶ አያውቅም!”

ይቺን ነገር ያዙልኝ። በሰፈራችን ሴፕቲኩ የማይሞላ ቤት ይመሰገናል። ጎረቤት መጣጭ መኪና ሲያስጠራ እማዬ በረንዳ ላይ ሆና “አይ፣ እኛስ ተመስገን ነው” ትላለች። አባባ ካለፈ በኋላማ ሴፕቲኩ የሱ ጥንቃቄ ማስታወሻ ሆኖ ቀረ። ሾፌሩ የመጣበትን ተቀብሎ ሄደ። እኛም ሽንት ቤቱ ሞልቶ፣ ሴፕቲኩ ጎድሎ ቀረን።

ተከሳሹ

ቀጥሎ የመጣው ሳኒተሪ የሚሠራ ወጣት ነው። ብዙ አያወራም። ረጅም ሽቦ አስገባ፣ ገፋ፣ አዞረ፣ ጎተተ። የሽቦው ጫፍ ላይ ቡናማ ክር የሚመስል ነገር ተጠምጥሞ ወጣ። በጣቱ አሸት አድርጎ “ሥር ነው” አለ።

ሥር የሚለውን ቃል ስንሰማ ሁላችንም ቀና ብለን ወደ አጥሩ አየን። ሾላው እዚያ ነው ያለው። ግንዱ በጎረቤታችን በእትዬ ግቢ ነው፤ ቅርንጫፉ ግን የእኛን ግቢ ግማሽ ያለብሳል። ፍሬው በሚያፈራበት ወቅት ግንዱ ላይ ተንዠርጎ ጦጣውንም ወፉንም ይጠራል። ቅጠሉ፣ ፍሬው፣ የጦጣው ጣጣ በሙሉ የሚወድቀው እኛ ግቢ ነው። ጥላውም እንዲሁ። በሚያዝያ ሙቀት ባሕር ዳር ውስጥ ጥላ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። እማዬና እትዬ ቡና የሚጠጡት እሱ ሥር ነው።

ወንድሜ ግን አላመነታም። “ነገ መጋዝ ይምጣ” አለ። ድምፁን ዝቅ አላደረገም። አጥራችን ደግሞ ቆርቆሮ ነው፤ ወሬ አይዝም። ብዙም ሳይቆይ እትዬ ነጠላቸውን አጣፍተው ገቡ። ቆጣ አላሉም። “ልጆቼ፣ ዛፉ ከቤታችሁ በፊት ነበረ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው የሚባለው። መጀመሪያ ቆፍራችሁ እዩ፤ ጥፋተኛ ከሆነ ያኔ እንነጋገራለን” አሉ። ተረቱን ለዚህ ቀን ብለው ያሰቡት አይመስለኝም። ግን አጋጣሚው አሳቀን። ሳቁ ነገሩን አበረደው።

መቆፈሩን ያልወደደችው እማዬ ናት። ሾላ በድፍኑ ይሻላት ነበር። “አባታችሁ ያስቀበረውን ምን ታወጡታላችሁ? ትንሽ ሽቦ ቢገባበት ይከፈታል” ትላለች። እውነቷን ነው፤ ሽቦ ለጊዜው ይከፍተዋል። ሳኒተሪው ይሄንን አልካደም። “እማማ፣ እከፍትልሻለሁ። ግን ሥሩ ተቆርጦ አይተውም። እንደ ተገረዘ ቁጥቋጦ በዝቶ ይመለሳል። በሚቀጥለው ዓመት እኔኑ ትጠሪኛለሽ” አላት። ሥራ የሚያሳጣውን ነገር ራሱ መናገሩ ደስ አለኝ። ቁፋሮው ተፈቀደ።

ድጅኖው ሲወርድ

የግቢያችን አፈር ዋልካ ነው። ጊዜው በጋ ስለነበር እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አለው። የቀን ሠራተኞቹ ላይ ላዩን በድጅኖ ፈነቃቅለው በአካፋ አወጡት። ቱቦው ሩቅ አልነበረም። ጉልበት እንኳ ሳይደርስ ተገኘ። ሳኒተሪው ይሄንን ሲያይ ራሱን ነቀነቀ። ቱቦውን በብረት መጋዝ ከሁለት ቦታ ቆረጠው። ቁራጩን አነሣና ከአንደኛው ጫፍ መጎተት ጀመረ።

የወጣው ነገር እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ። ርዝመቱ ከክንዴ ይበልጣል። የቱቦውን ክብ ቅርጽ እንደያዘ ነው የወጣው። ቀይ ቡናማ ነው፣ ጫፍ ጫፉ ላይ ነጭ። ከላይ ሲታይ ጥቅጥቅ ያለ ነው። በጣት ሲፈለቀቅ ግን ከፀጉር የቀጠነ ክር ሆኖ ይለያያል። በመሀሉ ሶፍት አለ፣ የረጋ ዘይት አለ፣ የእማዬ ፀጉር አለ። አንድ ሰማያዊ የሃይላንድ ክዳንም ተወትፎበታል። ሠራተኞቹ “ኧረ ጉድ!” አሉ። ወንድሜ ስልኩን አወጣ። እትዬ እንኳ በአጥሩ በኩል አንገታቸውን አስግገው አዩ፤ ፊታቸው ቅር ያለው ይመስላል። ሁላችንም ሥሩን ከበብን።

ሳኒተሪው ብቻ ወደ ሥሩ አላየም።

እሱ የተንበረከከው ቱቦው ከቱቦ የሚገናኝበት ቦታ ላይ ነው። ጣቱን በመገጣጠሚያው ዙሪያ አዞረ። ጠራኝና አሳየኝ። አንደኛው ጫፍ በእሳት ተሞቆ የሰፋ ነው። ጠርዙ ጠቁሯል፣ ሞገድ ሠርቷል። ሌላው ቱቦ እዚያ ውስጥ ተሰክቷል። ማጣበቂያ የለ፣ የጎማ ቀለበት የለ። ከላይ ሲሚንቶ ተመርጎበት ነበር፤ እሱም ተሰንጥቆ ወድቋል። በአንድ በኩል ጥፍሬ ገባ። ሥሩ የገባው በዚያው ነው።

ከዚያ ከቱቦው ሥር አንድ እፍኝ አፈር አነሣ። ሌላው አፈር ደረቅ ነው። ይሄ ግን እርጥብ፣ ቅባት ያለው፣ ጥቁር ነው። አሸተተው። ሠራተኛውን “ትንሽ ዝቅ በል እስቲ፣ ወደዚህ” አለው። ሠራተኛው ቆፈረ። ጥቁሩ ቀጠለ። ወደ ጎን አስቆፈረ። አሁንም ቀጠለ። ወጣቱ ተነሣ፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፣ ግቢውን ዞር ብሎ ቃኘ።

“እህቴ፣ የውሃ ጉድጓዳችሁ የት ነው ያለው?”

በእጄ ጠቆምኩት። መጠቆምም አያስፈልግም ነበር። ከማድ ቤቱ ጀርባ፣ ዝቅ ብሎ፣ ከቆምንበት ይታያል። ቆርቆሮ ተከድኖ ድንጋይ ተጭኖበታል። ማንም ምንም አላለም። ወንድሜ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

ሥር ምን ይፈልጋል?

ብዙ ሰው የዛፍ ሥር ጤነኛ ቱቦ በርቅሶ የሚገባ ይመስለዋል። እኔም ቤት ውስጥ ስንከራከር የሰማሁት ይሄንኑ ነው። አሠራሩ ግን ሌላ ነው። ሥር ዓይንም አፍንጫም የለውም። ሩቅ ያለ ውሃ ሸቶት አይጓዝም። የሚበዛው እርጥበት፣ አየርና ምግብ ባገኘበት በኩል ነው። በበጋ ደርቆ በተሰነጠቀ ዋልካ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ የረጠበ መስመር ካገኘ ወደዚያው ያድጋል። መስመሩ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ያለበት ፍሳሽ ከሆነ ደግሞ ድግስ ነው። ከፀጉር የቀጠነው ጫፉ ሽንቁሩን ሲያገኝ ይገባል። ከገባ በኋላ ይፈለፈላል።

እዚህ ላይ ሾላውን ሙሉ በሙሉ ነጻ አላወጣውም። ሥሩ ከገባ በኋላ ይወፍራል፤ ሲወፍር ሽንቁሩን ያሰፋዋል። ሾላ፣ ዋርካና ባምባ አንድ ወገን ናቸው፤ ሥራቸው ጉልበተኛ ነው። ባሕር ዛፍም እንዲሁ ስሙ ይነሣል። የጎዳናችን ጌጥ የሆነው ዘንባባ ግን ሥሩ ከወጣ በኋላ አይወፍርም። ለዚህ ነው በቱቦ ሰባሪነት እምብዛም የማይከሰሰው። ደግሞም የዛፍ ሥር እንደሚባለው ወደ ጥልቅ ብቻ አይወርድም። አብዛኛው መጋቢ ሥር ያለው ከላይ ባለው 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ውስጥ ነው። ወደ ጎን ሲሄድም ከቅርንጫፉ ጥላ አልፎ ይሄዳል። ጉልበት በማይደርስ ጥልቀት የተቀበረ ቱቦ መንገዱ ላይ ተኝቶ ጠበቀው ማለት ነው።

ግንበኛው ምን አስቦ እንደሠራው መገመት አይከብድም። አንዱ ቱቦ 6 ሜትር ነው። እሱ ሲያልቅ ማያያዣ መግዛት ያስፈልጋል። ጫፉን በእሳት አሙቆ ማስፋት ግን ነጻ ነው፤ ፈጣን ነው። አፈር ሲለብስ ማን ያየዋል? ዋልካ ደግሞ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰበሰባል። በየዓመቱ ቱቦውን ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። በወጉ ያልተያያዘ መገጣጠሚያ እዚህ አፈር ውስጥ ዕድሜ የለውም።

እኔን እንቅልፍ የነሣኝ የነገሩ ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ የመጣው ሥሩ አይደለም፤ ፍሳሹ ነው። ሥሩ ተከትሎት ነው የመጣው። ክንድ የሚያክል ሥር ደግሞ ባንድ ክረምት አይሠራም። ስለዚህ ከማኅበሩ ቀን በፊት በነበሩት ዓመታት ሁሉ፣ ውሃው ቀጥ ብሎ ሲወርድ፣ ማንም ምንም ሳይለው፣ ቱቦው ወደ መሬት ሲያፈስ ኖሯል።

ሴፕቲኩም ያልሞላው ለዚያ ነው። ይሄንን ለመረዳት ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ። በደንብ የሚሠራ ሴፕቲክ እኮ ሁልጊዜ በውሃ የተሞላ ነው፤ እስከ መውጫ ቱቦው ድረስ። ዝቃጩ ከታች ይረጋል፣ ቅባቱ ከላይ ይንሳፈፋል፣ ከመሀል ያለው ውሃ ወደ ማስረጊያው ይሄዳል። ግማሽ ሆኖ የሚኖር ሴፕቲክ ካያችሁ ወይ ራሱ ያፈሳል፣ ወይ የሚገባው አይደርስበትም። የእኛ አይደርስበትም ነበር። እማዬ በረንዳ ላይ ሆና የምትኮራበት ነገር ራሱ ምልክቱ ነበር። ሾላው ባይዘጋው ኖሮ ዛሬም “ተመስገን ነው” እንል ነበር።

ሽንት ቤቱ ሲሞላ ቤት ተናወጠ፣ ገንዘብ ወጣ፣ መጋዝ ተጠራ። በጓሮ ሲፈስ ግን አንድ ሰው አልጠየቀም። የሚሸት ነገር ከዓይናችን ዞር እስካለ ድረስ የት እንደደረሰ አንጠይቅም። አዲሱ የዓባይ ድልድይ በግንቦት 2016 ሲመረቅ ስንቶቻችን ፎቶ ተነሣንበት። 380 ሜትር ነው፣ ያምራል፣ ይገባዋልም። የተቀበረ ቱቦ ላይ ቆሞ ፎቶ የሚነሣ ግን አላየሁም። ከወንድሜ በቀር።

ጌሾው ይገድለዋል

የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ሲባል ተረት ብቻ የሚመስለው ሌላ ቦታ ያለ ሰው ነው። እዚህ የቧንቧ ውሃ ሲጠፋ ይጠፋል። በዚያን ጊዜ ጉድጓዱ ባለውለታችን ነው። ልብስ ይታጠብበታል፣ የጓሮ ሰላጣ ይለማበታል። ሲብስ ይጠጣል። ጠላም ይጠመቅበታል። የማኅበሩ ጠላ የተጠመቀ ሳምንት ቧንቧው ደርቆ ነበር።

እማዬ ነገሩ የገባት ማታ ነው። እራት ላይ ቁራሹን አስቀመጠች። “ስንቱን ሰው አጠጣሁት! ቄሱንም ጭምር!” አለች። ሳቄ መጣ፣ ግን የሷ ፊት የሚሳቅበት አልነበረም። በማግስቱ እትዬ ሊያጽናኗት መጡ። “አትጨነቂ እታለም፣ ጌሾው ይገድለዋል” አሏት። እኔ ጌሾን አከብራለሁ፣ ግን እንደዚያ ያለ አደራ አልሰጠውም። የወንድሜ ልጆች በየክረምቱ እየመጡ ሆዳቸውን ሲቆርጣቸው “የአየር ለውጥ ነው” እንል ነበር። አሁን ማረጋገጫ የለኝም። ከዚያ ወዲህ ግን የአየር ለውጥ ሲባል ስሰማ አልወድም።

የጉድጓዱን ውሃ ለምርመራ ወሰድነው። ከሰገራ የሚመጣ ባክቴሪያ ተገኘበት። ይሄ ሁሉ ከእኛ ቱቦ ብቻ መጣ ለማለት ግን አልደፍርም። በዙሪያችን ያለው ግቢ ሁሉ ሴፕቲክና የሽንት ቤት ጉድጓድ አለው። በተለምዶ የሚሰጠው ምክር በሽንት ቤት ጉድጓድና በውሃ ጉድጓድ መሀል ቢያንስ 30 ሜትር ይኑር የሚል ነው። በእኛ ሰፈር ስፋት 30 ሜትር ማለት ሌላ ሰው ግቢ መግባት ነው። ለሐይቁ ቅርብ ስለሆንን ደግሞ በክረምት የከርሰ ምድሩ ውሃ ከፍ ይላል። በበጋ አፈር ውስጥ የቆየው ያኔ ከውሃው ጋር ይገናኛል።

“አፍልተን እንጠጣው” የሚል ሐሳብ ተነሣ። ማፍላት ባክቴሪያውን ይገድላል። በእኛ ከፍታ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይሄም ይበቃል፤ ፍል ፍል ብሎ አንድ ደቂቃ ይቆይ እንጂ። ፍሳሹ ውስጥ ካለው ናይትሮጅን የሚመጣውን ናይትሬት ግን ማፍላት አያስወጣውም። ውሃው ሲተን እንዲያውም እየጠነከረ ይሄዳል። ለጨቅላ ሕፃን ደግሞ ናይትሬት የበዛበት ውሃ አደጋ ነው። ስለዚህ ጉድጓዱ ከመጠጥም ከጠላም ታገደ። ሰላጣውም ተነቀለ። ባልዲው አሁን የሚያገለግለው ለአጥር ተክልና ለግቢ ማጠቢያ ነው።

ጥገናው

ወንድሜ መጋዙን ቢተውም ሌላ ነገር ይዞ መጣ። አንድ ጓደኛው “ኮፐር ሰልፌት የሚባል ሰማያዊ ጨው ሽንት ቤት ውስጥ ድፉበት፣ ሥሩን ያደርቀዋል” ብሎታል። ያደርቀዋል፤ ውሸት አይደለም። ግን ሴፕቲኩ ውስጥ ቆሻሻውን የሚያብላሉትን ባክቴሪያዎችም ይገድላል። መዳብ ደግሞ ለዓሣ ክፉ መርዝ ነው። ከቱቦአችን የሚወጣ ነገር ወዴት እንደሚሄድ አሁን አይተናል። ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ተዘርግቶ ጥልቁ ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። ቆሮሶና አምባዛ የምንበላው ከዚያው ነው። እምቦጭን ስናነሣ ሁላችንም ጣታችንን ወደ ሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ እንቀስራለን። አረሙ የሚወፍረው ግን በናይትሮጅንና በፎስፎረስ ነው። ከማሳ በጎርፍ የሚመጣው ብዙ ነው። ከከተማ የሚወርደውም እዚያው ይገባል። ይሄንን ሁሉ ለወንድሜ ስነግረው “እሺ፣ እሺ፣ ገባኝ” ብሎ ሸሸኝ።

ዛፉን መቁረጡስ? ሳኒተሪው የነገረን ቀላል ነው። የተቆረጠ ሾላ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። የደረቀው ሥርም ቱቦው ውስጥ ተወትፎ ይቀራል። መገጣጠሚያው ክፍት እስከሆነ ድረስ ሌላ ዛፍ ይመጣበታል። ከግንዱ ሥር ወፍራም ሥሮችን መበጣጠስም አይመከርም። በክረምት ነፋስ ዛፉ የሚወድቀው በሁለታችን ቤት ላይ ነው። በእትዬ ፈቃድ ከአዲሱ መስመር አጠገብ የነበረ አንድ የእጅ አንጓ የሚያክል ሥር ብቻ ተቆረጠ። እትዬ ራሳቸው ቆመው አስቆረጡት። ከግንዱ ራቅ ማለቱን በእርምጃ ለክተው ነው የፈቀዱት።

አዲሱ ቱቦ ከሾላውም ከጉድጓዱም ዞር ብሎ ሄደ። ጥልቀቱ ጨመረ። ለቱቦው በተቆፈረው ቦይ ወለል ላይ አሸዋ ተነጠፈ። በየመገጣጠሚያው የጎማ ቀለበት ገባ። በሚታጠፍበት ቦታ ማንሆል ተሠራ። ተዳፋቱን ሳኒተሪው በሲባጎና በውሃ ልክ ለካው፤ በአንድ ሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅታ። ሠራተኛው አፈር ሊመልስ አካፋውን ሲያነሣ ግን ሳኒተሪው አስቆመው። የቱቦውን ታችኛ ጫፍ ደፈነ። ከላይ ውሃ ሞላበት። ውሃው የደረሰበትን በእርሳስ ምልክት አደረገ። “አሁን ቡና ጠጡ” አለ።

ቡናው ተፈላ። እስከ በረካው ጠጣን። ወጣቱ በየመሀሉ እየሄደ ያያል። ውሃው ከምልክቱ አልወረደም። አፈሩ የተመለሰው ከዚያ በኋላ ነው። ይሄ ፈተና ውሃና አንድ እርሳስ ነው የሚጠይቀው። የመጀመሪያው ግንበኛ ያኔ ቢያደርገው ኖሮ ይሄ ጽሑፍ አይጻፍም ነበር። ቤት የምትሠሩ ካላችሁ ይቺን ፈተና ሳታዩ አፈር አታስመልሱ። ግንበኛው ቢነጫነጭም ይነጫነጭ።

ውጤቱ ብዙ አልቆየም። ሴፕቲኩ ሞላ። እማዬ ከፋት። “አዲሱ ቱቦ ሴፕቲኩን አበላሸብኝ! በአባታችሁ ጊዜ እንዲህ አልነበረም” አለች። የቱቦውን ነገር ደጋግሜ አስረድቻታለሁ። ትሰማኛለች፣ ራሷን ትነቀንቃለች። መጣጭ መኪናዋ ስትመጣ ግን ጎረቤት እንዳያያት በጧት እንድትመጣ ትጠይቃለች።

በግራ በኩል ያሉት ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ጋሼ ነው የምንላቸው። ቤታቸውን የሠራው ያው የእኛ ግንበኛ ነው፤ በአንድ ወቅት፣ ጎን ለጎን። እርጥቡን አፈርና የተቃጠለውን የቱቦ ጫፍ ይዤ ሄድኩባቸው። በጥሞና አዩት። መነጽራቸውን አውልቀው “እኔ ጋ እንኳ ችግር የለም ልጄ። ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። ሴፕቲኬም ሞልቶ አያውቅ” አሉኝ። ምን ልበል? ዝም ብዬ አየኋቸው። ትንሽ ቆይተው “ምን ማለትሽ ነው?” አሉ። ተነጋገርን። አልተጣላንም።

ቱቦውን በሙሉ ሳይቆፍሩ ከማንሆሉ ወደ ታች ያለውን በውሃ ለመፈተን ተስማምተናል። መድፈኛውን ሳኒተሪው ያውሰናል። የቀኑን አበል እሳቸው ይከፍላሉ። ግን ከፋሲካ በኋላ ይሁን ብለዋል። ልጆቻቸው ከአዲስ አበባ ስለሚመጡ ግቢው ተቆፍሮ እንዲያገኙት አይፈልጉም። እኔ ደግሞ ልጆቹ እስኪሄዱ ድረስ የሚጠጣው ከቧንቧ የተቀዳ ብቻ እንዲሆን ለባለቤታቸው ነግሬያቸዋለሁ። ሁለት ጀሪካንም አውሻቸዋለሁ።